ፊት ለፊት ሰው አለ

ሰቆጣ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ከላይ ስትታይ ግን ሁልጊዜ ሌላ ትሆንብኛለች። ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ ጣሪያዎቿ ያብረቀርቃሉ፤ በዙሪያዋ ያሉትን እርከኖች ላያቸው ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ተራራውን በጣቱ ደጋግሞ የጫረው ይመስለኛል። አባቴ መሪጌታ ስለነበር በዓል በመጣ ቁጥር ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ስንጓዝ ነው ያደግነው። ግማሽ ቀን የሚፈጀው ያ የንግሥ መንገድ አሁን ከክንፌ ሥር እንደ ክር ተስቦ ያልፋል። የትኛው ገደል በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛው ጨፌ እስከ መቼ ረግረግ ሆኖ እንደሚቆይ እግሬ ያውቀዋል። እግሬ የሚያውቀውን አንድ ቀን እጄ ይፈልገዋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ያኔ ረዳት አብራሪ ነበርኩ። የምሠራበት ድርጅት ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ መኪና በማይደርስበት መድኃኒት እናደርሳለን፣ ስንመለስ ሕመምተኛ እናመጣለን። ካፒቴኔ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር መብረር ከአባቴ ጋር መንገድ እንደ መሄድ ነበር፤ ብዙ ዝምታ፣ አልፎ አልፎ አንድ ጥያቄ።

አብራሪነት ስንማር ከሁሉ በፊት በጆሯችን የሚንቆረቆር አንድ ሕግ አለ። ተነስተህ ገና ዝቅ ብለህ ሳለህ ሞተርህ ከከዳህ አትዙር ይላል። ማኮብኮቢያው ከኋላህ ቅርብ መስሎ ይታይሃል፤ ያባብልሃል። ወደ እሱ ልዙር ያለ ሰው ፍጥነቱ ያልቅና ክንፉ አየሩን ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ ከድንጋይ አይሻልም። ስለዚህ አፍንጫውን ዝቅ አድርገህ ፊት ለፊትህ ባለው መሬት ላይ አርፍ፤ ግራ ቀኝ ብትል እንኳ ለጥቂት ብቻ። የድርጅታችን መመሪያ ደግሞ አንድ ይጨምርበት ነበር፤ ችግር ሲመጣ ማንም ይዞት የነበረውን መሪ ካፒቴኑ ይረከብ የሚል። ሁለቱንም እንደ ጸሎት በቃሌ ይዣቸው ነበር። ሞኝ ሕጎች አይደሉም። ስንት ሰው ካለቀ በኋላ የተጻፉ ናቸው።

የዚያን ዓመት የክረምት ጎርፍ ከሰቆጣ የሚያወጣውን መንገድ አንድ ድልድይ ይዞበት ሄደ። ኅዳር ላይ ድልድዩ ገና አልተጠገነም ነበር፤ የዓይን ሞራ የጋረዳቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ደግሞ ለቀዶ ሕክምና ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ ነበረባቸው። እኛ ተላክን። ከደሃናም፣ ከሰሃላም፣ ከጋዝጊብላም በበቅሎና በአህያ ተጭነው፣ በልጅ ልጆቻቸው እጅ ተመርተው መጥተው ከማኮብኮቢያው ዳር ተደርድረው ተቀምጠው አገኘናቸው። ማኮብኮቢያው ያው የተደለደለ አፈር ነው። ጉም ከሸለቆው እየተነሳ በእግራቸው ሥር ያልፋል፤ እነሱ አያዩትም፣ ብርዱን ብቻ ነው የሚሰሙት።

ከመካከላቸው አንዲት የሰሃላ አሮጊት ነበሩ፤ እንኳን አውሮፕላን መኪናም ተሳፍረው አያውቁም። አማርኛው እምብዛም ስላልሆነላቸው በኽምጣና ሳናግራቸው ፊታቸው በራ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አላናግርም አሉ። ከአጠገባቸው የተቀመጡት የጋዝጊብላ የኔታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ፣ አሁን መጽሐፉ የጠፋባቸው መምህር። አብራን የመጣችው ነርስ አንድ በአንድ እያቀፈች ስታሳፍራቸው ካፒቴኑ ከክንፉ ሥር ቆመው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። ተራው የእኔ ስለነበር መሪውን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ከመነሳታችን በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ። ሞተሩ ቢከዳን የት ትወስጂናለሽ አሉኝ። እኔም በመመሪያው መሠረት ፊት ለፊት አልኩ፤ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ማዶ በተረተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ሜዳማ ቦታ በእጄ አሳየኋቸው። አካባቢው ሁሉ ገደልና እርከን ነው፤ ከዚያ የተሻለ ነገር ፊት ለፊታችን የለም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለታችንም ስንገባ ቅዳሜ መሆኑን እናውቅ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ መሆኑን ግን አላሰብነውም። ወይም እኔ አላሰብኩትም።

ተንደረደርን። አቧራው ከኋላችን ተነሳ፤ መንገጫገጩ ቀለል፣ ቀለል አለና ቆመ። ከመሬት የምንላቀቅባትን ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ አልጠገብኳትም። በደጋ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አውሮፕላን ከፍ የሚለው በዝግታ ነው። ጉሙ በሸለቆው ተዘርግቶ፣ ማዶ የተራሮቹ ራስ ብቻ ከላዩ ወጥቶ፣ ዓለሙ ሁሉ ገና ያልተፈጠረ ይመስል ነበር።

ከዚያ ከፊታችን ጧ የሚል ድምፅ መጣ።

ሞተሩ አልቆመም። ክፋቱ እሱ ነበር። ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ይስባል፣ መልሶ ይተዋል። የቆመ ሞተር ቁርጥህን ይነግርሃል፤ የታመመ ሞተር ግን ተስፋ ይሰጥሃል። ማኮብኮቢያው በግራ ትከሻዬ በኩል ከኋላ ቡናማ ሆኖ ታየኝ፤ እጄን ብዘረጋ የምነካው መሰለኝ። ልቤ ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ሄደ። እጄ ግን የተማረውን አደረገ፤ አፍንጫውን ዝቅ አደረግሁ፣ ፍጥነቱን ያዝኩ፣ አልዞርኩም። እስከዚያ ድረስ ሕጉ እጄን ይዞ መራኝ፤ ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ።

ወደ ፊት ሳይ ተረተሩ ነጭ ነበር። መጀመሪያ ጉም መሰለኝ። የሚንቀሳቀስ ነጭ ነበር፤ ነጠላና ጋቢ። አህዮች ነበሩ፣ ፍየሎች ነበሩ፣ የተጫነና የተሸከመ ሰው ከዳር እስከ ዳር። ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚወርደው መንገድ በሜዳው መሐል ነው የሚያልፈው።

«ፊት ለፊት ሰው አለ» አልኩ።

ካፒቴኑ አዩ። በመመሪያው መሠረት መሪውን ከእጄ መረከብ የነበረባቸው በዚያች ቅጽበት ነው። እኔም እጃቸውን ጠብቄ ነበር። አልመጣም።

«ያንቺ ነው» አሉ። «የት?»

«ጨፌው። በቀኝ፣ ከደብሩ ማዶ።»

«ደርቋል?»

«በኅዳር ይደርቃል።»

«ሂጂ።»

ከአባቴ ጋር ለንግሥ ስንሄድ የምናቋርጠው ያ ጨፌ ከፊታችን አልነበረም። እዚያ ለመድረስ ሕጉ ከሚፈቅደው እጅግ አልፎ መዞር ያስፈልጋል። ካፒቴኑ ቀስ በይ አሉኝ፤ ፍጥነቱን እሳቸው እንደሚያነቡልኝ፣ እኔ ውጭውን ብቻ እንዳይ ነገሩኝ። መሪውን ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። ሰው የተኛ ሕፃን አቅፎ እንደሚዞር ዓይነት አዟዟር ነበር። ከጎኔ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ዝቅ፣ ጥሩ ነው። መሐል ላይ ሞተሩን ልዝጋው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እየሳበ ሳይሆን እያናወጠን ስለነበር ዝጉት አልኳቸው። ዘጉት። ውልብልቢቱ ከፊታችን ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። በሰዓት ቢለካ እዚህ ግባ የማይባል ነው። በውስጤ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ነፋሱ በክንፉ ላይ ሲያልፍ ሻማ እንደሚነድበት ክፍል ያለ ትንሽ ድምፅ ነበረው። ጥላችን ከታች እርከን ለእርከን እየዘለለ ይከተለናል። አንድ አውድማ ላይ በሬዎች ገብስ እያበራዩ ይዞራሉ፤ የሚነዳቸው ሰው ጅራፉን እንደያዘ ቀና ብሎ ደርቆ ቀረ። የደብሩ ፅዶች ከበታቻችን መጡ። በቅጽሩ ውስጥ አንድ ቄስ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው ያዩናል፤ የጉልላቱን የሰጎን እንቁላሎች አንድ በአንድ ለየኋቸው። ፍርሃት አልነበረኝም። ፍርሃቱ ቀድሞኝ ሄዶ ሜዳው ላይ እየጠበቀኝ ይመስል ነበር።

ከኋላ የሰሃላዋ አሮጊት ድምፅ መጣ፤ በኽምጣና፣ በጣም በእርጋታ።

«ደረስን እንዴ?»

ነርሷ ቋንቋውን አታውቅም። መልሱ የእኔ ነበር። ዓይኔን ከጨፌው ሳላነሳ፣ ልንደርስ ነው እምዬ፣ ራስዎን ዝቅ ያድርጉ አልኩ። ለሌሎቹም ይህንኑ በአማርኛ ደገምኩት። የኔታ የማላውቀው ዜማ በለሆሳስ ጀመሩ። የአንድ ሰው ድምፅ ነበር፤ አውሮፕላኑን ግን ሞላው።

ጨፌው ከፅዶቹ ማዶ ተከፈተ፤ ቢጫ፣ ደረቅ፣ ከዳሩ ላሞች ያሉበት። ጎማዎቹ ሲነኩ ሣሩ እንደ ዝናብ ተንሻሸ። ነጠርን፣ መልሰን ወረድን፣ ሮጥን። ሊቆም ሲል ከሣሩ ውስጥ የማይታይ የውኃ ቦይ የፊት ጎማውን ዋጠው፤ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተደፍቶ ወደ ጎን ዞረና ቆመ። ግንባሬ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ። ነርሷ የኔታን ለመደገፍ ቀበቶዋን ፈትታ ስለነበር እጇ ተሰበረ። ከዚያ በቀር ማንም አልተጎዳም።

ከአውድማው የነበሩት ገበሬዎች መንሻቸውን እንደያዙ መጡ። በሩን ከውጭ ከፈቱና ምንም ሳይጠይቁ አረጋውያኑን አቅፈው አንድ በአንድ ሣሩ ላይ አስቀመጧቸው። ነዳጅ ስለፈራን ራቅ አድርጉልን አልናቸው፤ ራቅ አደረጉልን። አንዲት ሴት በቅል ውኃ ይዛ መጣች። የነርሷን እጅ በነጠላ አሰሩት።

የሰሃላዋን አሮጊት ሳገኛቸው ሣሩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነበር።

ከተማው ጸጥ ያለ ነው አሉኝ። ትልቅ ከተማ ስለሚባል ጫጫታ ይኖራል ብለው ነበር የፈሩት።

ከአጠገባቸው ተንበረከክሁ። ገና ከሰቆጣ እንዳልራቅን፣ ሞተሩ ታሞብን ሜዳ ላይ እንዳረፍን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያን ያህል ለምን ጮኸ?» አሉኝ።

ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁ ግን በእንባ ወጣ። ደም ግንባሬ ላይ ስለነበር ሰው ሁሉ ደሙ ያስለቀሰኝ መሰለው። አሮጊቷ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

አረጋውያኑን ወደ ከተማ ለመመለስ በቅሎና ቃሬዛ ተጠራ። እኔና ካፒቴኑ ከኋላ በእግራችን ተከተልን። መንገዱ ጨፌውን ለቆ ወደ ተረተሩ ወጣና ያንን የገበያ መንገድ ተቀላቀለ። ሰው ይጎርፍ ነበር። ዶሮ በእግሯ አንጠልጥሎ የሚሄድ፣ ማር በገንቦ የተሸከመች፣ ጨው የጫነች አህያ የሚነዳ። አብራሪ መሆናችንን ማንም አላወቀም ለማለት ይቻላል፤ የአብራሪ ልብሳችን አቧራ ለብሶ ነበር። ካፒቴኑ ከሜዳው መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መመሪያው እንድናርፍ የሚፈልገው ልክ እዚያ ነበር። ሰዎቹ በግራና በቀኛቸው እየተከፈሉ ያልፋሉ፤ ሸምገል ያሉ ሰው ስለሆኑ ብዙዎቹ ጎንበስ ብለው እንደምን አደሩ ይሏቸዋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ ይመልሳሉ። ለአንዱም ሳያጎድሉ።

አንዲት ሴት ቆም አለችና ቀይ ፍየል በዚህ በኩል ስትሄድ አይተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አላየሁም ልጄ አሏት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አዙረው ረጅም ጊዜ ቆዩ። እኔ ራቅ ብዬ ጠበቅኋቸው። ሲመጡ ግንባርሽ ይታጠብ አሉኝ።

ከሳምንታት በኋላ አዲስ አበባ የድርጅቱ የደኅንነት ኮሚቴ ፊት ቀረብን። ከሞተሩ ውስጥ አንድ ብረት ተሰብሮ እንደነበር ተረጋግጧል፤ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር አልነበረም ተባለ። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ከዚያ በኋላ ስላደረግነው ነበር። ለምን ከሚፈቀደው በላይ ዞራችሁ አሉ። ስለ ገበያው መንገድ ነገርኳቸው። ከኮሚቴው አንዱ ራሳቸው የድሮ አብራሪ ነበሩ፤ በትሕትና ነው የጠየቁኝ።

«ጨፌው ረግረግ ቢሆን ኖሮስ?»

በኅዳር እንደሚደርቅ አውቃለሁ፤ ዝናብ የዘገየበት ኅዳርም አይቻለሁ። አላውቅም አልኳቸው።

ለካፒቴኑ የቀረበው ጥያቄ ለእኔ ከቀረበው ጠንከር ያለ ነበር። ለምን መሪውን አልተረከቡም? ረዳትዎ ልጅ ናት፤ ኃላፊው እርስዎ ነዎት። ካፒቴኑ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው እንደ ልማዳቸው ባጭሩ መለሱ።

«እሷ ያየችውን ጨፌ እኔ አላየሁትም። እስካየው ብንጠብቅ ኖሮ ከኋላችን ይቀር ነበር።»

ራሳቸውን ለማዳን ሊሉት የሚችሉት ብዙ ነበር፤ መሪ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚባክነውን ጊዜ፣ በዚያ ከፍታ ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ። ከእኔ ጋር ስናወራ ብለውታል። እዚያ አላሉትም።

ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሳቸው ግን ከበረራ ታገዱ፤ እገዳው ሳያልቅ ጡረታቸው ደረሰ። አልተማረሩም። ሲደውሉልኝ የሚያወሩኝ ስለ ጓሮ ጎመናቸው ነው። ሕጉ እንዳለ ቀረ፤ አንድ ነገር ብቻ ተጨመረበት፤ በእያንዳንዱ የአፈር ማኮብኮቢያ ከመነሳታችን በፊት ሁለቱም አብራሪዎች አብረን ፊት ለፊቱን አይተን፣ የት እንደምናርፍና ማን መሪውን እንደሚይዝ እንድንስማማ።

ከሁሉ የማልረሳው የዚያ የድሮ አብራሪ ንግግር ነው። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀውኝ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ትክክል ነበርሽ፤ ይህን ለአንቺ እነግርሻለሁ። እዚያ ውስጥ ጮክ ብዬ ያላልኩት ግን ነገ አንዱ ልጅ ያንቺን ታሪክ ሰምቶ ጨፌ በሌለበት ጨፌ ፍለጋ እንዳይዞር ስለፈራሁ ነው።»

እኔም እፈራለሁ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስነግር ጨፌውን ከማንሳቴ በፊት ስለ አፍንጫው ነው የምነግራቸው፤ ዝቅ ስለማድረግ፣ ስላለመዞር። አንዳንዴ እንዲያውም እዚያ ላይ አቁሜ ሌላውን እተወዋለሁ።

ድልድዩ ሲጠገን አረጋውያኑ በአውቶቡስ ሄደው ታከሙ። የኔታ አንዱ ዓይናቸው ብቻ ተመለሰላቸው፤ እሱ ለማንበብ ይበቃኛል ብለው ወደ ጋዝጊብላ ተማሪዎቻቸው ዘንድ ተመለሱ ተባለ። የሰሃላዋ አሮጊት ግን ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ሰቆጣ ዘመድ ቤት አርፈው ነበርና እኔም ለእረፍት ሄጄ ሳለሁ አገኘኋቸው። በር ላይ ቆመው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ እንዲህ ተደርጌ ታይቼ አላውቅም። ድምፅሽ ከፊትሽ ያረጀ ነው አሉኝ። ከዚያ ያቺን ያረፍንባትን ቦታ አሳዪኝ አሉ።

በዝግታ ሄድን። መንገድ ላይ በየደረሱበት ይቆማሉ፤ ድንጋይ ያያሉ፣ ቅንጭብ ያያሉ፣ በአጥር ላይ የተሰጣ ልብስ ያያሉ። ደብሩን ዞረን ወደ ጨፌው ወጣን። ሣሩ የጎማችንን ፈለግ ሸፍኖታል፤ ቦዩ ውስጥ ውኃ አለ፣ ሁለት ላሞች ይግጣሉ። በሕልሜ ጨፌው ሁልጊዜ ሰፊ ነው፤ እንደ ባሕር ተዘርግቶ ነው የሚቀበለኝ። አሮጊቷ ከዳር እስከ ዳር ቃኙት፤ ፅዶቹን አዩ፣ ማዶ ያለውን ገደል አዩ።

«ይቺ ናት?» አሉ። «ጠባብ ናት እኮ።»

እውነታቸውን ነበር። ከመሬት ሆኜ ሳያት ጠባብ ናት፤ ከፅዶቹ እስከ ገደሉ አንድ ትንፋሽ የማትሞላ። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸውም ከጎኔ ተቀመጡ። ላሞቹን እያዩ፣ አንደኛዋ በቅርቡ እንደምትወልድ ነገሩኝ።